ሚዛኑ ካነሰ ባቡሩ ይክፈል፦ እውነት ወይስ ተረት?

«የተጫነው ከሰልና የደረሰው ካልገጠመ፣ የጎደለውን ባቡሩ ይክፈል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። አባባሉ ልብ ይገዛል፤ አደራ የተረከበ ሰው ቢያጎድል ይጠየቃልና። ነገር ግን የሁለት ሚዛን ልዩነት ሁሉ የጠፋ ከሰል አይደለም።

የአሜሪካውን ከሰል እንይ። በዋዮሚንግ ከፓውደር ሪቨር አካባቢ የሚወጣው ከሰል ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ነው። አንድ ፉርጎ 110 ቶን ገደማ ይይዛል። መንገድ ላይ ፀሐይና ነፋስ ከክብደቱ 1 በመቶ ብቻ ቢያደርቁ፣ አንዲት ፍሬ ሳትወድቅ ከአንድ ቶን በላይ ይቀንሳል። ባቡሩ 120 ፉርጎ ከጎተተ ቅናሹ ከ130 ቶን ያልፋል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በነፋስ የተበተነውን ከሰል ክብደት የዝናቡ ውኃ ይተካውና ጉድለቱ ጭራሽ አይታይም። በዚያ ላይ ማዕድኑ ዘንድ ያለው ሚዛንና ኃይል ማመንጫው ዘንድ ያለው ሚዛን የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም የየራሳቸው የስሕተት መጠን አላቸው። ካሳ የሚጠይቅ ሰው ከክብደቱ ጋር በሁለቱም ጫፍ የተለካ የእርጥበት ውጤትና ሚዛኖቹ የተፈተሹበትን ማስረጃ ይያዝ።

እምነቱ የማይጠፋው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ችግረኛ ቤተሰቦች ከባቡር የወደቀ ከሰል ከሐዲድ ዳር ይለቅሙ ነበር። ነፋስም በእርግጥ ይወስዳል፦ በ2005 በዋዮሚንግ ሁለት ባቡሮች ከሐዲድ ከወጡ በኋላ የከሰል ብናኝ ትልቅ ክርክር አስነሳ፤ በ2011ም የፌዴራሉ የየብስ ትራንስፖርት ቦርድ ብናኙ ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር እንደሚጎዳ ተቀበለ። ይሁንና ክፍት ፉርጎ ላይ ከሰሉን የሚቆልለው ብዙ ጊዜ ማዕድኑ ነው። በአጫጫኑ ጉድለት የበነነውን ባቡሩ «የላኪው ጥፋት ነው» ብሎ ሊከራከርበት ይችላል።

ሌሎች ደግሞ «የባቡሩን ቸልተኝነት ካላስረዳህ ምንም አታገኝም» ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው። ከ1906 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለውና አጓጓዥ ለጭነት ያለበትን ኃላፊነት በሚወስነው የአሜሪካ የካርማክ ሕግ ጠያቂው የሚያስረዳው ሦስት ነገር ነው፦ ዕቃው በደህና መነሣቱን፣ ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ መድረሱንና የጉዳቱን መጠን። ከዚያ የማስረዳት ሸክሙ ወደ ባቡሩ ይዞራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 በአንድ የሜሎን ጭነት ክርክር ይህንኑ አጽንቷል፤ በዚያ ጉዳይ ባቡሩ ቸልተኛ እንዳልነበረ ቢታመንም እንኳ ከኃላፊነት አልዳነም።

አንድ ነገር ግን በጣም አሳስባለሁ። ባቡሮች ከላኪዎች ጋር በግል እንዲዋዋሉ ከፈቀደው ከ1980ው የስታገርስ ሕግ ወዲህ ብዙ ከሰል የሚጓጓዘው በግል ውል ነው፤ ውሉ ደግሞ የካርማክን ጥበቃ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ከሕጉ በፊት ውሉን ያንብቡ። ካርማክ የሚሠራ ከሆነ ባቡሩ ለካሳ ጥያቄ ከ9 ወር ያነሰ ጊዜ፣ ጥያቄው በጽሑፍ ውድቅ ከተደረገ በኋላም ክስ ለመመሥረት ከ2 ዓመት ያነሰ ጊዜ ሊወስን አይችልም። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ የሚጠየቀው ገንዘብም በግልጽ ይጠቀስ።