የዓባይን ስም የያዘ ዓሣ ሁሉ የጣና ዓሣ ነውን?

ስለ እንስሳትና ዕፅዋት አሰያየም በሰፊው ከሚታመኑት ነገሮች አንዱ፣ አንድ ፍጥረት የቦታ ስም ከተሸከመ ትውልዱ ከዚያው ቦታ ነው፣ በዚያ ቦታም ከዳር እስከ ዳር የትም ቢኖር ባዕድ አይሆንም የሚለው ነው። እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከጣና በስተ ምሥራቅ ከተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ስለሆነ፣ በከብት ገበያ ስሙን ሰምቶ ትውልዱን የሚገምት ገበሬ አይሳሳትም። ይኸው አስተሳሰብ ከከብት ገበያ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ሲሻገር ግን ሊያደርስ የሚችለው ጥፋት የማይመለስ ነው።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ፍጥረት ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያው ቃል ፍጥረቱ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር የሚጋራው የወገን ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ለይቶ የሚያመለክትና ብዙ ጊዜ ከቦታ ስም የሚወሰድ ነው። በተለምዶ ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ አዳኝ ዓሣ ላቴስ ኒሎቲኩስ ተብሎ የዓባይን ስም የተሸከመው በዚህ መንገድ ነው። ስሙን በ1758 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ዓሣው ለእርሱ የታወቀው ከግብፅ በኩል ነበር፤ ሊኔየስ ወንዙን ከምንጩ እስከ ባሕሩ የመረመረ ሰው ባለመሆኑ፣ ስሙ የሚመሰክረው ዓሣው መጀመሪያ የት እንደታወቀ እንጂ የት የት እንደሚኖር አይደለም።

ናይል ፐርች በኢትዮጵያ በጫሞና በአባያ ሐይቆች፣ በባሮ ወንዝና ወደ ሱዳን በሚጠጋው የዓባይ ክፍል ይገኛል፤ ዓባይ በሚወጣበት በጣና ግን የለም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወረው ጢስ ዓባይ፣ ከታች የሚመጣ ማንኛውም ዓሣ ሊወጣው የማይችል ግድግዳ ስለሆነ፣ ከፏፏቴው በላይ ያለው ውኃ ከታችኛው ዓባይ ተለይቶ የራሱን ፍጥረት አሳድጓል። ላቤዮባርበስ ከተባለው ወገን ብቻ፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ተቆጥረዋል፤ ከእነዚህ መካከል ላቤዮባርበስ ጎርጎረንሲስ የጎርጎራን ስም ይዟል። ሊቃውንቱን ይበልጥ ያስደነቃቸው ደግሞ ከዝርያዎቹ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚኖሩ መሆናቸው ነው፤ ምክንያቱም ዓሦቹ የሚመደቡበት የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ስለሆነ ለአደን የተፈጠረ አይመስልም። የአዳኙን ቦታ ሊይዙ የቻሉት ከእነርሱ የበረታ አዳኝ ፏፏቴውን ሊሻገር ባለመቻሉ ነው ተብሎ ይታሰባል።

እንግዲህ ናይል ፐርች የዓባይ ዓሣ ስለሆነ ወደ ጣና ቢገባ ወደ ቤቱ እንደመመለስ ይቆጠራል የሚል ሰው፣ ስሙን አንብቦ ፏፏቴውን የዘነጋ ሰው ነው። የዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ዋጋ በቪክቶሪያ ሐይቅ ታይቷል። ቪክቶሪያ የነጭ ዓባይ ሐይቅ ብትሆንም ናይል ፐርች በተፈጥሮው አልነበረባትም፤ እዚያም ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው የመርቺሰን ፏፏቴ ከታች ከአልበርት ሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ ያግድ ነበርና። ብሪታኒያዊው ተመራማሪ ጄፍሪ ፍራየር በ1960 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ቢያስጠነቅቅም፣ ሰዎች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓሣውን በእጃቸው አሻግረው ጨመሩት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ናይል ፐርች ሐይቁን ሞላው፤ ለውጭ ገበያ የሚቀርበው የዓሣ ምርት ማደጉና ለብዙ ሰዎች እንጀራ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በቪክቶሪያ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 500 ያህል ትናንሽ ዝርያዎች 200 ገደማ የሚሆኑት እንደጠፉ ይገመታል። የጠፋ ዝርያ በምንም ገንዘብ አይገዛም፤ ይህን እያወቁ በስም ዝምድና ብቻ ዓሣ ከውኃ ወደ ውኃ እንዲዘዋወር መምከር ይቅር የሚባል ቸልተኝነት አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሁለተኛው ስሕተት፣ ስማቸው አንድ የሆነ ዓሦች ሁሉ አንድ ናቸው የሚለው ነው። ቀረሶ፣ ማለትም ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲኩስ፣ በእርግጥ የጣና ተወላጅ ነው፤ ሆኖም የጣናው ቀረሶ ከሌሎቹ ስለሚለይ በ1992 እ.ኤ.አ. ታና የሚል ሦስተኛ ቃል ታክሎለት ንዑስ ዝርያ ተብሏል፤ ስለዚህ ጫጩቱን ከሌላ ሐይቅ አምጥቶ በጣና ተፋሰስ ማራባት የራሱ አደጋ አለው። ባዕድ ስም ያለው ባዕድ ነው የሚለውን ደግሞ አምባዛ ብቻውን ያፈርሰዋል፤ የሳይንስ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒኑስ የተወሰደው ጋሪፕ ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ ወንዝ ሲሆን፣ ዓሣው ግን ማንም ሳያመጣው በጣና የኖረ ነው። የአገር ስም ያለው በአገሩ ብቻ ይገኛል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ከደምቢያ ስሙን ያገኘው ትንሹ ዓሣ ጋራ ደምቤንሲስ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ ይኖራል።

በዕፅዋትም ነገሩ አይለይም። ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ኮፊያ አራቢካ ያለው ቡና የዱር መኖሪያው በዋናነት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው፤ የዐረብን ስም ያገኘው አውሮፓ ቡናን ያወቀው በየመን ንግድ በኩል ስለሆነ ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ሆኖ ሳለ ካማልዱሌንሲስ የተባለው ኔፕልስ አጠገብ በነበረ የካማልዶሊ የአትክልት ቦታ ተተክሎ በተገኘው ዛፍ ምክንያት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚተከለው የፈረንጅ ጽድም በላቲን የፖርቱጋልን ስም ይዞ ሉሲታኒካ ይባላል፤ የተገኘው ግን ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች ነው።