ነፃ የኢንተርኔት ሳይንስ ለታዳጊዎች፦ ተረትና እውነታ

«ነፃ ነገር ጥራት የለውም» ሲባል ከወላጅም ከመምህርም ይሰማል። ስለ ሳይንስ ትምህርት ሲሆን ግን አባባሉ አይሠራም። ፌት የሚባሉትን ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም በስክሪን ላይ የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች፣ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ካርል ዋይማን በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ሥራ ነው። በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁት የኦፕንስታክስ መጻሕፍትም ምሁራን የጻፏቸውና ሌሎች ምሁራን የገመገሟቸው ናቸው፤ በፒዲኤፍ ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። ተማሪው የማይከፍለው ዩኒቨርሲቲዎችና ለጋሾች ስለከፈሉለት ነው።

«ኢንተርኔት ላለው ልጅ ብቻ ነው» የሚለው ቅሬታ የበለጠ ክብደት አለው፤ የዳታ ዋጋ ቀልድ አይደለም። ሆኖም መፍትሔው አለ። ኮሊብሪ የተባለው ፕሮግራም የተሠራው በትክክል ለዚህ ችግር ነው፦ ትምህርቱ አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት በግቢው ዋይፋይ ብቻ በስልካቸው ይከፍቱታል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ መስመር ለማንበብ ያስችላል። የፌት ሲሙሌሽኖችም አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ፣ በፍላሽም ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራሉ። የተወሰኑት በአማርኛም አሉ።

«ይሄ ለጎበዞች ነው» ለሚሉ፣ ካን አካዳሚ የተባለው ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት አነሳስ በቂ መልስ ይመስለኛል። ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ታዳጊ ዘመዳቸውን ከርቀት ማስጠናት የጀመሩት ሂሳብ ስለከበዳት ነበር። ዛሬም በካን አካዳሚ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ ካልገባው ወደ ስድስተኛ ክፍል ትምህርት ተመልሶ ሊጀምር ይችላል። ማንም አያየውም፣ ማንም አይስቅበትም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ቪዲዮውን ካየ ተምሯል» የሚለው እምነት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ያየ ሰው አንዱን ችግር ያውቀዋል፤ በስክሪኑ ያለው መምህር ተማሪው ገባውም አልገባው ይቀጥላል። የዛሬውን ቪዲዮ ማቆምና መመለስ ይቻላል። ይሁንና በዚህ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ቬሪታሲየም የተባለውን የዩቲዩብ ቻናል የመሠረቱት ዴሪክ ሙለር እ.ኤ.አ. በ2008 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ መርምረዋል። ጥርት ያለ የፊዚክስ ማብራሪያ ያዩ ተማሪዎች «ግልጽ ነው» አሉ፣ በራሳቸውም ተማመኑ፤ የፈተና ውጤታቸው ግን እምብዛም አልተሻሻለም። የተለመደውን የተሳሳተ ግምት አስቀድሞ አንሥቶ ስህተትነቱን የሚያሳይ ቪዲዮ ያዩት «ያደናግራል» አሉ። የተሻሻሉት ግን እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ልጁ ሲሙሌሽኑን ከመንካቱ በፊት ይገምት። በፌት የኤሌክትሪክ ሲሙሌሽን ባለ 9 ቮልት ባትሪና ባለ 10 ኦም አምፖል በሽቦ ቢያገናኝ አሜትሩ 0.9 አምፒር ያነባል። አሁን ሁለተኛ ተመሳሳይ አምፖል በተከታታይ ሊቀጥል ነው፤ የትኛው ይደምቃል? ብዙ ልጆች «የመጀመሪያው፤ ኤሌክትሪኩን ቀድሞ ስለሚጠቀምበት» ይላሉ። ሲሞክሩት ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ። አሜትሩን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በመካከል፣ ከሁለተኛው በኋላ ቢያደርጉት ንባቡ ያው 0.45 ነው። አምፖል ከረንት አይበላም፤ የተካፈሉት ቮልቴጁን ነው፣ ለእያንዳንዳቸው 4.5። ኃይላቸውም በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ወርዷል፣ ከ8.1 ዋት ወደ 2 ዋት ገደማ። ጎን ለጎን በትይዩ ቢያገናኟቸው ግን ሁለቱም እንደ ቀድሞው ይደምቃሉ፣ ባትሪውም 1.8 አምፒር ይሰጣል። የቤታችን መብራት በትይዩ ስለተዘረጋ ነው የሳሎኑ አምፖል ሲቃጠል የጓዳው የማይጠፋው። ገምቶ የተሳሳተ ልጅ ይህን በቀላሉ አይረሳውም።

«ታዲያ ላብራቶሪ አያስፈልግም» ወደሚል ሌላ ጽንፍ መሄድም አይገባም። በስክሪን ላይ ሽቦ አይላላም፣ ባትሪ በአጠቃቀም አይደክምም። እውነተኛው ግን ይላላል፣ ይደክማልም፤ መለኪያው የሚወዛወዘው ለምን እንደሆነ መፈለግ ራሱ የሳይንስ ሥራ ነው። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ ካለቀ በኋላ ልጁ ያንኑ ሙከራ በሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ በቀጭን ሽቦና በእጅ ባትሪ አምፖሎች ይድገመው። የድንጋዩን ሁለት ጫፎች ግን በባዶ ሽቦ አያገናኝ፤ ሲሙሌሽኑ ላይ ባትሪው እሳት የሚያወጣው እንዲህ ሲደረግ ነው፤ በእውነተኛው ሙከራም ሽቦው ይግላል። የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ስለሆነ ከዚህ ሙከራ ፈጽሞ ውጭ ነው።