የመጸዳጃ ቤት ወለልና ምስጥ

አንድ ቤተ ሰብ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አጣና ረብርቦ፣ በላዩ ጭቃ መርጎ መጸዳጃ ቤት ሲሠራ ደስ ይለናል። ነገር ግን ምስጥ ወለሉን ከበላው ሰው ከነወለሉ ጉድጓድ ይገባል። ባይገባም እንኳ ፈርቶ ወደ ጓሮ ይመለሳል፤ ዝንቡም አብሮ።

ከአምቦና ከጉደር ተነሥተን በጌዶ በኩል ወደ ባኮ ስንወርድ ምስጡ እየበረታ ይሄዳል። አጣናው ደግሞ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀጥ ያለና ርካሽ ነው፣ ለምስጥ ግን የተሰናዳ ምሳ ነው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ከመሬት ተነሥቶ በጭቃ መሿለኪያ ተሸፍኖ ይመጣል፤ እንጨቱን ከውስጥ ቦርቡሮ ላዩን ይተወዋል። ስለዚህ የተመረገ ወለል ደኅና መስሎ ያታልላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አቅም ላለው ብረት የገባበት የሲሚንቶ ወለል ከሁሉ ይሻላል። በእንጨት የሚሠራ ግን አግዳሚዎቹን አፈር ላይ አያጋድማቸው፤ በሲሚንቶ በተያያዘ የድንጋይ ካብ ላይ ያሳርፋቸው። ካቡ ምስጡን ፈጽሞ አያግደውም፤ መንገዱን ግን ያጋልጠዋል። በየሳምንቱ ዙሪያውን፣ ጉድጓዱንም በባትሪ እያዩ የጭቃውን መስመር መፋቅ ነው።

የሐበሻ ጥድ ቀዩ ውስጡ ምስጥን ይቋቋማል። የፈረንጅ ጥድ ግን እሱን አያህልም፤ ሻጭ «ያው ጥድ ነው» ቢል አይታመን። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ የሐበሻ ጥድ ካለ ለማገዶ አይሂድ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ እኛ አንወደውም።

ክረምት ሳይገባ አግዳሚዎቹን በቢላዋ ጫፍ ወጋ ያድርጉ። ቢላዋው ዝም ብሎ ከገባ፣ ልጆች ሳይቆሙበት ወለሉ ዛሬውኑ ይፍረስ።