ከሐውልት እስከ መንገድ ጠርዝ፤ የአደባባይ ቀለም ውዝግብ ባለፉት ዘመናት

በመንገድ ዳር የቆሙ የመብራትና የስልክ ሳጥኖችን በሥዕል ማስጌጥ በብዙ አገሮች የተለመደ የከተማ አስተዳደር ሥራ ሆኗል። የአውስትራሊያዋ ብሪዝበን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ የትራፊክ መብራት ሳጥኖቿን ለነዋሪዎች አስረክባ አስቀብታለች። እንዲህ ባሉ ከተሞች ነዋሪው የሚከራከረው ሥዕሉ ያምራል ወይስ አያምርም፣ ወጪውስ ተገቢ ነው ወይ በሚለው ላይ ነው። በእኛ አገር ግን የአደባባይ ቀለም በውበት ምክንያት ሰው አጣልቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጠቡ ሁልጊዜ የሚነሳው ቀለሙን ማን ቀባው፣ በማንስ ፈቃድ ቀባው ከሚለው ነው። ያለፈው መቶ ዓመት ሲቃኝ ደግሞ አንድ ሂደት ጎልቶ ይታያል። ብሩሹን የሚይዘው እጅ በበዛ ቁጥር የሚቀባው ነገር እያነሰ፣ ጠቡም ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ወደ ሰፈር እየወረደ መጥቷል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአደባባይ ጥበብ የመንግሥት ብቻ ነበር፤ ብዛቱም ጥቂት ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ በአራዳ ቆመ፤ ወራሪው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ አነሳው፤ ከነጻነት በኋላም ወደ ቦታው ተመለሰ። የተተከለውም፣ የተነሳውም፣ የተመለሰውም በገዢው ውሳኔ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ በኩል የከተማ አሠራር ራሱ የሹም ሥራ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ አሰበ ተፈሪን በፕላን የተመሠረተች አርአያ ከተማ ለማድረግ ጥረዋል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኚሁ ሰው ናቸው። ከመንግሥት ውጭ ቀለም የሚቀባው የእምነት ቦታና የመኖሪያ ቤት ነበር። በሐረር ጀጎል ሴቶች ለበዓል ግድግዳቸውን በኖራና በደማቅ ቀለም ያድሳሉ፤ የቤታቸውን መደብ ደግሞ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። የአካባቢው ከባዱ ትዝታ በመንግሥት ሐውልት ሳይሆን በቤት ውስጥ ቀለም ተጠብቆ መቆየቱ ኋላ ለሚመጣው ሁሉ መነሻ ይሆነናል።

የመጀመሪያው መዞሪያ የ1967ቱ አብዮት ነው። ደርግ ቀለምን ከሐውልት አውርዶ በየከተማው ግድግዳ ላይ አፈሰሰው። የቀበሌ አጥር፣ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤት በርና የመንገድ ቅስት መፈክር ተሸከሙ። ምሥራቁ ክፍል ከሌላው በባሰ ሁኔታ ይህን አይቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በገፋበት ወቅት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የጦርና የስንቅ መስመር ነበር። በኋላ ጭሮ የተባለችው አሰበ ተፈሪም ሂርናም በዚያ መስመር ላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ ከአዲስ አበባ የተነሳ ማንኛውም መፈክር አልፏቸው ሊሄድ አይችልም ነበር። ድምቀቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በመስከረም 1977 ዓ.ም. በአሥረኛው የአብዮት በዓልና በኢሠፓ ምሥረታ ሰሞን ነው። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በድግሱ ዝግጅት እጃቸው ነበረበት፤ የትግላችን ሐውልትም የቆመው በዚሁ ጊዜ ነው። የተቃወመ ሰው ድምፅ አልተሰማም፤ ይህን ግን እንደ ስምምነት መቁጠር አይቻልም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ የሌኒን ሐውልት በአዲስ አበባ ሲገረሰስ የታየው ደስታ፣ ለዓመታት ታምቆ የቆየ አለመስማማት እንደነበር መስክሯል።

ሁለተኛው መዞሪያ እንደ ሐውልቱ መውደቅ የሚጮህ አይደለም፤ ለትናንሽ ከተሞች ግን የበለጠ ቅርብ ነው። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ክልሎችም ተዋቀሩ። አሰበ ተፈሪ በይፋ ጭሮ ተባለች፤ በየከተማው ያለ ታፔላም ሁሉ እንደገና ተጻፈ። የሱቅ፣ የምግብ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሁሉ የመንግሥት ሥልጣን ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚፈልግ በገዛ ደጁ ማየት ጀመረ። የትኛው ቋንቋ ከላይ፣ የትኛው ከታች ይሁን የሚለው ጥያቄም ከፓርላማ ይልቅ በታፔላ ጸሐፊው ሱቅ ውስጥ በየቀኑ የሚፈታ ጉዳይ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. በሰንደቅ ዓላማው መሐል ያለው ዓርማ በአዋጅ ጸደቀ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 654 ደግሞ አጠቃቀሙን በዝርዝር ደነገገ። ዓርማ የሌለበት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለአንዱ የአባቶች ቅርስ፣ ለሌላው የቀድሞ ሥርዓት ናፍቆት ሆኖ ታየ። የኦሮሚያ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭና ኦዳም ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ስፍራውን ያዘ። ከዚህ ወዲህ ሦስት ቀለም አጠገብ ለአጠገብ ሲቀባ ማንም ሰው እንደ ተራ ጌጥ ሊያየው አልቻለም።

በእነዚሁ ዓመታት ግን ሌላ ዓይነት የአደባባይ ሥዕል ያለ ጠብ ተስፋፍቷል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምሩ ሥዕሎች በጤና ተቋማትና በትምህርት ቤት አጥሮች ላይ በዙ። የትምህርት ቤት ግድግዳ የአፍሪካን ካርታ፣ የሰውን የደም ዝውውርና የፀሐይን ቤተሰብ ተሸከመ። ፕሉቶ በ1998 ዓ.ም. ከፕላኔትነት ብትሰረዝም በብዙ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ዛሬም ዘጠነኛ ሆና ትታያለች፤ ለዚህ ብሎ የተጣላ ወላጅ ግን የለም። ሥዕሉን የሠሩት መምህራንና ተማሪዎች ስለሆኑ ስህተቱም የራሳቸው ነው፤ ሲፈልጉም ራሳቸው ያርሙታል።

ሦስተኛው መዞሪያ የመጣው ከገበያ ነው። የአገሪቱ የከተማ ነዋሪ ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 7.3 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው 13.7 በመቶ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 11.9 ሚሊዮንና 16.1 በመቶ አደገ፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ከተሞች ሲያድጉ የሱቅ ደጅ ውድ ማስታወቂያ ሆነ። በ1991 ዓ.ም. የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲጀመር አቅሙ 36,000 መስመር ነበር፤ በ2016 በጀት ዓመት ማብቂያ ግን የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 78.3 ሚሊዮን ደርሰዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በድሬዳዋ ጀምሮ በ2015 ዓ.ም. በይፋ ወደ ገበያ ገባ፤ ኤም-ፔሳም ተከተለ። ፉክክሩ በምሥራቁ መንገድ ላይ ባሉ ሱቆች መዝጊያ ላይ ሳይቀር ይነበባል። የአንዱ ድርጅት ቀለም ባለበት የሌላው ይደረብበታል፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታውና ቀለሙ ሲፋቅ ከሥሩ የቀድሞው ድርጅት ስም ብቅ ይላል። በዚህ ቅብ ላይ ቅሬታ ቢኖርም ወደ ጠብ አልሄደም፤ ባለ ሱቁ ፈቅዶ ያስቀባው ነውና ካልፈለገ የማጥፋት መብት አለው።

ጠቡ ከመቼውም በላይ የከረረው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በውጭ የነበሩ የፖለቲካ ድርጅቶች ወደ አገር ሲገቡ ደጋፊዎቻቸው አቀባበሉን በቀለም አጀቡት። የግንቦት ሰባት መሪዎች ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ከተማዋ ዓርማ በሌለው ሰንደቅ ዓላማ ተጥለቀለቀች። የኦነግ መሪዎች ከመግባታቸው አስቀድሞ በነበሩት ቀናት ደግሞ ወጣቶች የእግረኛ መንገድ ጠርዞችን፣ አጥሮችንና የመብራት ምሰሶዎችን በድርጅቱ ዓርማ ቀለማት መቀባት ጀመሩ። ሌሎች ወጣቶች ተቃወሙ፤ በአንዳንድ ሰፈሮች አንዱ የቀባውን ሌላው አጠፋ፤ ነገሩም ወደ ድንጋይ ውርወራ ተሸጋገረ። ከቀናት በኋላ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ቀለሙ የዚያ ሁሉ ጥፋት ምክንያት ነበር ማለት ስህተት ነው፤ ውጥረቱ ከቀለሙ በፊት ነበር። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሹ ከመንግሥትም ከነጋዴም እጅ ወጥቶ በጎረቤታሞች እጅ ገባ፤ የሚቀባውም ማንም የእኔ ነው ሊል የማይችል የጋራ ንብረት ነበር። ምሰሶው የመብራት ኃይል፣ ጠርዙ የመንገዶች ባለሥልጣን፣ ደጁ የነዋሪው ስለሆነ የሚፈቅድም የሚከለክልም ባለቤት በቦታው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የዚሁ ቅጥያ ናቸው። በአኖሌ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልት ያስነሳው ክርክር ገና አልበረደም ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተቀሰቀሰው ሁከት በሐረር የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ፤ በለንደን ዊምብልደን የነበረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልትም በዚያው ሰሞን ተሰበረ። የንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ሐውልት በአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ ከተመረቀ ገና ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ሰንደቅ ዓላማ መሰቀሉና መዝሙሩ መዘመሩ ተማሪዎችን አጋጨ። ይህ ክስተት ከቀደሙት ይልቅ ያሳስባል፤ ለአሥርተ ዓመታት በፀሐይ ቤተሰብና በካርታ የተሸፈነው፣ ማንም ያልተጣላበት የትምህርት ቤት ግቢ አሁን የጠቡ አካል ሆኗልና።

የመጨረሻው መዞሪያ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አምስት፣ በሁለተኛው ስምንት ኮሪደሮች ተሠሩ፤ አሠራሩም ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ። የመብራትና የስልክ መስመሮች ወደ መሬት ውስጥ ገቡ፤ በመንገዱ ዳር ያሉ ሕንፃዎችም ደብዘዝ ያለ ተመሳሳይ ቀለም እንዲቀቡ ተደረገ። ከታሪኩ አንጻር ሲታይ ይህ ለ2011ዱ ችግር የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ ማንንም የማያስታውስ ቀለም ማንንም አያጣላም። ግራጫ የማንም ሰንደቅ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን የውሳኔው አቅጣጫ ወደ ድሮው ተመልሷል። የሕንፃ ባለቤት ቀለሙን ሳይመርጥ ወጪውን ይሸፍናል፤ ነባር ሰፈሮች ከነመልካቸው ተነሥተዋል፤ ነዋሪው ተጠየቀ የሚባለውም ከተወሰነ በኋላ ነው። ደርግ ግድግዳን በመፈክር ሞልቶ ያገኘውን ዝምታ ዛሬ ባዶ በማድረግ ማግኘት ይቻላል፤ የ1983ቱ ትምህርት ግን ዝምታ ዕድሜው አጭር መሆኑን ነው።

ዘመናቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚነሳው ጥያቄ የትኛው ቀለም ያለ ጠብ ኖረ የሚለው ነው። መልሱ የሚጠቁመው ሦስት ቦታ ነው፤ የጀጎል ግድግዳ፣ መምህራንና ተማሪዎች የሳሉበት የትምህርት ቤት አጥርና የሱቅ መዝጊያ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መልኩን ጠብቆ የኖረው አንድ ባለሥልጣን ቀለም ስለ መረጠለት አይደለም፤ እያንዳንዷ እማወራ ግድግዳዋን በዓል በመጣ ቁጥር ስለምታድስ ነው። ሦስቱም ቦታዎች የሚመሳሰሉት ከፊታቸው የሚኖር ሰው ያስቀባቸው፣ የሚያድሳቸውና ሲሻው የሚለውጣቸው በመሆናቸው ነው። ጠብ የተነሳባቸው ደግሞ፣ ከሐውልቱ እስከ መንገድ ጠርዙ፣ አላፊ ቀብቷቸው የሄደ ወይም ከላይ የታዘዘባቸው ናቸው።

ይህ ለሂርና ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከተማዋ የጭሮና የቁልቢ መካከለኛ ማረፊያ ናት። የጫት መኪናም ሆነ በታኅሣሥና በሐምሌ ወደ ቅዱስ ገብርኤል የሚሄድ ምእመን በዋና መንገዷ ያልፋል፤ ስለዚህ በዚያ መንገድ ዳር ያለ ምሰሶ፣ ጠርዝና ሳጥን ከከተማዋ ነዋሪ በላይ ብዙ ሰው ያየዋል። ኮሪደሩ ወደ እንደዚህ ያሉ ከተሞች በሰፋ ቁጥር አዳዲስ ሳጥኖች፣ የመብራት ምሰሶዎችና ባዶ ግድግዳዎች ይመጣሉ፤ አንድ ቀን የሆነ ሰው ሊቀባቸው መነሣቱ አይቀርም። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከዚያ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ነገር ውድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሳጥንና ግድግዳ ከፊቱ ያለውን ሱቅ፣ ትምህርት ቤት ወይም ዕድር ተጠያቂ አድርጎ መመዝገብ፣ ምን እንደሚቀባ አስቀድሞ ማስመከር፣ የማደስና የመለወጥ መብቱንም ለእነሱ መተው ይችላል። ባለቤት የሌለው ምሰሶ በ2011 ዓ.ም. ምን እንዳመጣ ታይቷል፤ በአንድ ትእዛዝ የተቀባ ግድግዳም በ1983 ዓ.ም. ምን እንደ ጠበቀው ታይቷል። ቀሪው አማራጭ ቀለሙንም ኃላፊነቱንም ለደጁ ሰው መስጠት ነው።