ተጨማሪ መረጃ፦ ፖዚትሮን ከሞለኪውል ጋር ሲጣበቅ

ተማሪዎች ሆይ፣ ካርል አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1932 ያገኘው ፖዚትሮን፣ በመጠነ ቁስ ከኤሌክትሮን ጋር የተካከለ፣ የኤሌክትሪክ ሙሉ ግን አዎንታዊ የሆነ ረቂቅ ቅንጣት ነው፤ ከኤሌክትሮን ጋር በተገናኘም ጊዜ ሁለቱ ተጠፋፍተው ወደ ጋማ ጨረር ይለወጣሉ። ይሁን እንጂ፣ ከዚህ ኅልፈት አስቀድሞ፣ ዝግ ብሎ የሚጓዝ ፖዚትሮን ወደ ሞለኪውል ሲቀርብ፣ የሞለኪውሉን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ እየሳበ፣ ትርፍ ጉልበቱንም ለአተሞቹ ንዝረት አስረክቦ፣ ለቅጽበት ተጣብቆ ሊቆይ እንደሚችል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሳንዲያጎ፣ የክሊፎርድ ሰርኮ ቡድን በሙከራ አሳይቷል። ፖዚትሮኑን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት «የትስስር ጉልበት» ይባላል። እንግዲህ የሄክሴን ሞለኪውል ከፕሮፔን ሞለኪውል ይልቅ ፖዚትሮንን አጥብቆ ስለ ምን እንደሚይዝ፣ የሁለቱን ቀመር ጽፋችሁና የኤሌክትሮኖቻቸውን ብዛት አስተያይታችሁ መርምሩ።