ዋስትናው ራሱ ዋስ አለው ወይ?

ወዳጆቼ፣ መኪና ገበያ ውስጥ «ዋስትና አለው» እንደሚባለው ቃል ጆሮ የሚጥም ነገር የለም። ሻጭ ሲናገረው የገዢ ልብ ቅልጥ ይላል። ለመሆኑ ላገለገለ መኪና ዋስትናን በገንዘብ መግዛት ያዋጣል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ አሰላ ከሚኖር አንድ ወጣት ነው። ሦስት ዓመት የጣለው እቁብ ደርሶታል፣ ከእህቱም ተበድሯል። አዳማ ላይ ያገለገለች ቪትዝ አገኘ። ሻጩ ታዲያ «40 ሺህ ብር ጨምርና ለስድስት ወር የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ልጁ እንቅልፍ አጣ። ቢከፍል የእህቱ ዕዳ ይጨምራል። ባይከፍልና ሞተሩ ቢወርድስ?

አይፈረድበትም! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት እያረጁም እየተወደዱም ሄዱ።

እስቲ መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ የሚክሰው ግን መኪናችሁ የጎዳችውን ሰውና ንብረት እንጂ ያረጀ ሞተራችሁን አይደለም። ቦሎም መኪናዋ የዓመቱን ምርመራ አለፈች ማለት ነው፤ ነገ ካምቢዮዋ አይበላሽም አላለም። ዋስትና ግን ሻጩ «ከተበላሸ እኔ አለሁ» ብሎ የሚገባው ቃል ነው።

ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር ደግሞ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ያውም በነጻ! ግን ገዢም ሥራ አለበት። ዕቃውን በጊዜው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እያወቀ የገዛውን ጉድለት በኋላ ቅሬታ ሊያቀርብበት አይችልም። ውል ላይ «ባለበት ሁኔታ ወድጄ ተረክቤያለሁ» የምትለዋን መስመር ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ይህን ነጻ ዋስትና ልታሳጣችሁ ትችላለች። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን መስመሯ አታድነውም። ያንን ማስረዳቱ ነው ጣጣው።

አሁን ወደ 40 ሺህ ብሩ እንምጣ። ልጁን እንዲህ አልኩት፦ «ሂድና አራት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ነገ ስልኩን ቢዘጋ የት ታገኘዋለህ? ሁለተኛ፣ ሞተር ሲል ራዲያተሩን ይጨምራል? ሦስተኛ፣ አሰላ ላይ ብትቆምብህ አዳማ ድረስ የሚያስጎትታት ማን ነው? የእጅ ዋጋስ? አራተኛ፣ ‹አነዳድህ ነው ያበላሻት› ቢልህ ማን ይዳኛችኋል? መልሱን ውሉ ላይ ይጻፍልህ።»

ሻጩ ምን አለ? «በቃሌ ይበቃል!» ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ የሞተር ዕዳ ግን ወረቀት ይፈልጋል።

ልጁ ዋስትናውን ትቶ ከደላላው ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ያዘ። ሻጩን አስከትለው ከአዳማ ወደ አሰላ ወጡ። መቼም ለመኪና ፈተና እንደዚህ መንገድ የሚሆን የለም! 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ አድርጎ ከ2,400 ሜትር በላይ ያወጣችኋል። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንሽ ቢደክም አትደንግጡ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ግን ነገር አለ ማለት ነው። የዚያች ቪትዝ መርፌ ኢተያን እንዳለፉ መውጣት ጀመረ። መካኒኩ ልጁን ዞሮ አየው። ነገሩ እዚያው አበቃ። ልጁ ዛሬም በባጃጅ ነው የሚሄደው፤ የእህቱ ገንዘብ ግን አለ።

መኪናዋ ያለችው እዚሁ አሰላ ወይም በቆጂ ከሆነማ በማለዳ ሂዱ። መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ለምን ቀድሞ እንዳስነሳት ጠይቁ። በብርዱ ስትነሳ ነጭ እንፋሎት ብታወጣ ያለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመች ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እያቃጠለች ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ።

እና ዋስትና አይገዛ ነው የምለው? አይደለም። ሻጩ ቋሚ ቦታና የሚታወቅ ጋራዥ ካለው፣ የሚሸፍነውን ክፍል፣ የእጅ ዋጋውንና ማስጎተቻውን በጽሑፍ ካስቀመጠ፣ ዋጋውም ሞተር ከማሠራት በጣም ካነሰ ግዙ። ከዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ያንኑ ገንዘብ በስማችሁ ባንክ አስቀምጡት። ካልተበላሸች የራሳችሁ ነው፤ ከተበላሸችም ማንንም ሳትለምኑ ታሠሯታላችሁ። በሉ፣ መልካም መንገድ!