ፍላጎታችን የማን ነው? የፍራንክፈርት ሊቃውንት ስለ ሸቀጥ ባህል

ሰው በገበያ ቆሞ ከብዙ ዕቃ መካከል አንዱን ሲያነሣ «የፈለግሁትን መረጥሁ» ይላል። ነገር ግን ፍላጎቱ ራሱ ከወዴት መጣ? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን አጥብቀው ያነሡት የፍራንክፈርት ሊቃውንት ስለ ሆኑ፥ ትምህርታቸውን ገልጸን የተነሣበትን ተቃውሞ እናያለን።

የማኅበራዊ ጥናት ተቋም በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ የተመሠረተው በ1923 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ተቋሙ ተዘጋ፤ አብዛኞቹ የአይሁድ ተወላጆች የነበሩት አባሎቹም ተሰደዱ። በ1934 ተቋሙ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተጠጋ። መሪው ማክስ ሆርክሃይመር በ1937 «ሂሳዊ ቲዎሪ» የሚለውን ስም አብራራ። በእርሱ አስተሳሰብ የተለመደው ቲዎሪ ኅብረተሰቡን እንዳለ ተቀብሎ ሲገልጽ፥ ሂሳዊው ግን ይህ ሥርዓት እንዴት እንደ ተፈጠረና ሊለወጥ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃል።

ሆርክሃይመርና ቴዎዶር አዶርኖ በስደት ሳሉ የጻፉት «የአብርሆት ዲያሌክቲክ» በ1947 በአምስተርዳም ታተመ። «የባህል ኢንዱስትሪ» የሚለው ቃል የሚገኘው በዚህ መጽሐፍ ነው። «የብዙኃን ባህል» ያላሉበትን ምክንያት አዶርኖ በ1963 ሲያስረዳ፥ ያ ስም ባህሉ ከሕዝቡ የፈለቀ ያስመስለዋል፤ እውነቱ ግን ፊልሙም ዘፈኑም ከላይ ታቅዶ ለሽያጭ የሚሠራ መሆኑ ነው ብሏል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የአውቶሞቢልን ታሪክ እንመልከት። የፎርድ ኩባንያ ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በጥቁር ቀለም ብቻ ይሸጥ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ግን ልዩ ልዩ ቀለም፥ በየዓመቱ የሚታደስ መልክና የዱቤ ሽያጭ አመጣ፤ ከሸቭሮሌት እስከ ካዲላክ ድረስም ለየገቢው ደረጃ ስም አዘጋጀ። በ1926 የወጣው ፖንቲያክ ከሸቭሮሌት ጋር ብዙ ዕቃ የሚጋራ ነበር። ሁለቱ ጸሐፊዎችም በክራይስለርና በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች መካከል ያለው ልዩነት የይምሰል እንደ ሆነ በምሳሌነት ጠቅሰዋል። አሮጌው መኪና ገና በደኅና እየሄደ ሳለ ባለቤቱን ማሳፈር ይጀምራል፤ እፍረቱም ከአዲሱ መኪና ጋር አብሮ የተመረተ ነው ማለት ይቻላል።

ኸርበርት ማርኩዘ በ1964 ባሳተመው «ባለ አንድ ገጽታ ሰው» በተባለው መጽሐፍ ፍላጎትን እውነተኛና ሐሰተኛ ብሎ ይከፍላል። ምግብ፥ ልብስና መጠለያ ከፊተኛው ወገን ናቸው፤ የኋለኛው ግን የሌሎች ጥቅም በግለሰቡ ላይ የሚጭነው ነው። ሐሰተኛ ፍላጎት ሲሟላ ደስታ የለም አላለም፤ ደስታው ሰውን ከድካሙና ከበደሉ ጋር ያስታርቀዋል ነው የሚለው።

በእኛ አስተያየት የትምህርቱ ብርታትም ድካምም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው ማን ነው? ማርኩዘ ራሱ ጥያቄውን አንሥቶ፥ በመጨረሻ ፈራጁ ግለሰቡ ነው፤ ይኸውም ነፃ ሲሆን ነው ይላል። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ሊቁ ስለ ሕዝቡ ይፍረድን? አዶርኖ ጃዝን ሲነቅፍ የጥቁር አሜሪካውያንን ፈጠራ በሚገባ አላየም የሚል ወቀሳ ደርሶበታል። በእንግሊዝ አገርም ስቱዋርት ሆል በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ፥ ተመልካች የቴሌቪዥንን መልእክት ሁልጊዜ እንደ ተሰጠው እንደማይቀበል፥ አንዳንድ ጊዜም እንደሚቃወመው አስረድቷል።

ይሁን እንጂ ሸማቹ ሞኝ አለመሆኑ፥ የምርጫውን ድንበር ማን አበጀው ከሚለው ጥያቄ አያድነንም። ዛሬ የእጅ ስልክ ትናንት ያየነውን መዝግቦ ነገ የምናየውን ሲያቀርብልን ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ሂሱን ከገዢው ይልቅ በአቅራቢው ላይ ማድረግ ይገባል። እኛም ተማሪዎች በጎረቤታችን አዲስ ጫማ ከመሳቃችን በፊት፥ በእጃችን የያዝነውን መጽሐፍ ለምን እንደ መረጥን ብንጠይቅ መልካም ነው።